ከተማው በሙሉ የደነቆረበት ቀን

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 4

ተራ ቀን። ዝናብ... ጃንጥላዬን ቢሮ ረስቼ እንደ ጉድ በሰበስኩ። ቤት ስገባ ባሌ ድንች ቀቅሎ ጠበቀኝ። ጨው በዝቶበታል። ምንም አላልኩም፤ ቅር ብሎት ሁለተኛ እንዳይቀቅል ፈርቼ።

ልጄ ሚጢ እራት ላይ ስለ ጓደኛዋ አወራችኝ። ያቺ ባለ መነጽሯ፣ ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው። ወላጆቿ ሥራ ቀይረው ሌላ ከተማ ከገቡ ወር ሊሞላው ነው፤ ልጄ ግን ገና አልወጣላትም። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሐዘኗ የትልቅ ሰው። በመሃል "ይሄን ለአያቴ እንዳትነግሪያት" አለችኝ። ለምን? "ጓደኛዬ ሄደች ስላት ሳቀችብኝ።"

አንጀቴን በላችው። እማ አልሳቀችባትም፤ አልሰማቻትም እንጂ። ሰው ያለው ሲያመልጣት ፈገግ ብላ "እሺ የኔ ቆንጆ" ማለት ልማዷ ነው። ልብስ ለምትሰፋለት ደንበኛ፣ ለጎረቤት፣ ለፖስተኛው ሳይቀር... ፖስተኛው እንኳ ደስ ይለዋል መሰለኝ። ለልጅ ግን ይሄን እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ሞከርኩ። "እሺ" አለችኝ። እሺታዋ ከአንገት በላይ ነው። ታች ወርዳ አያቷ ጋ ስትቀመጥ ትስላለች፣ ትቆርጣለች፣ ትለጥፋለች... አትናገርም። ድሮ አፏ አይዘጋም ነበር።

እኔስ? በዩኒቨርሲቲ የሰው ጆሮ ስለካ የምውል ሴት። የገዛ እናቴን ጆሮ ግን መች አስነክታኝ?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 6

እማን ዛሬም ለመንኳት። ከእኛ በታች ባለው ክፍሏ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ የብረት ስፌት መኪና አጠገብ... ጆሮዋ ምን ያድርግ?

ፊት ለፊቷ ቆምኩ፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። "እማ፣ ነገ ዩኒቨርሲቲ ልውሰድሽና ጆሮሽን ልይልሽ።"

"ጆሮዬ ምን ሆነ?"

"ትንሽ ደክሟል።"

"የደከመውስ የሰው አፍ ነው። ዘንድሮ ማን አፉን ከፍቶ ይናገራል? ሁሉም ይጎመጉማል።" ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። "ባልሽ ብቻ ነው ሰው የሚመስል ንግግር ያለው።"

ባሌ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው። ማሽን ላይ እየጮኸ ስለሚውል እቤትም ይጮሃል። ጨው አምጪ ሲለኝ ጎረቤት ጨው ይዞ ሊመጣ ምንም አይቀረው። ለእማ ግን እንደሱ ያለ አማች የለም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 9

ከሽቦ ጋር ማዘጋጃ ቤት ዋልን። (ሽቦ የላብራቶሪያችን ቴክኒሺያን ነው። ቅጥነቱን አይቶ ማን ስሙን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ አሁን እናቱም እንደዚያ ሳትጠራው አትቀርም።)

የሳይንስ ፌስቲቫሉ ሊደርስ ነው። ከተማውና ዩኒቨርሲቲው አብረው ነው የሚያዘጋጁት፤ ሦስት ቀን ሙሉ አደባባዩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለሰው ሁሉ ክፍት ይሆናሉ። እኛ "ኑ፣ ጆሯችሁን ለኩ" ብለን ልንወጣ ነው። ለመለኪያ ሳጥናችን የማዘጋጃ ቤቱን ትልቁን አዳራሽ ሰጡን። ሳጥን እንላታለን እንጂ ግድግዳዋ እንደ ፍራሽ የወፈረ ትንሽ ክፍል ናት። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ማዳመጫ ያደርጋል፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። የሰማው ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ፣ ያመለጠው ቀይ ይሆናል። ይኸው ነው።

አዳራሹ ባዶ ነበር፤ እሑድ ስለሆነ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም። ሞከርነው። ጸጥ ያለ ነው፣ ደስ ሲል... ሽቦ አውራ ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጎ አሳየኝ። "ተስማምቶኛል" ማለቱ ነው። ላብራቶሪያችን በር ላይ ጫማ ይወልቃል፤ መለኪያው ሥራ ላይ ከሆነ ማንም ትንፍሽ አይልም፣ በእጅ ነው የምንነጋገረው። አመል ሆኖብን ውጭም እንደዚያው ነን። ዘበኛው በጣም አዝኖ ነው የሸኘን። "እግዜር ይርዳችሁ ልጆቼ" አለን፣ ከንፈሩን ቀስ እያደረገ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 12

ሽቦ ከአንድ ጣራ ላይ የተጣሉ ሁለት አሮጌ የሳተላይት ዲሾች እየጎተተ መጣ። ምንድነው ይሄ? "ለፌስቲቫሉ" አለ። ሳይንስ ልናሳይ ነው ወይስ ቁራሌው ልንሆን ነው? "ሁለቱንም" አለኝ።

ጠርጎ፣ ወልውሎ፣ ኮሪደሩ ጫፍና ጫፍ ላይ ፊት ለፊት አቆማቸው። አንድ ሰው አንዱ ዲሽ ውስጥ በለሆሳስ ሲናገር ድምፁ ነጥሮ ወዲያኛው ይደርሳል፤ እዚያ ጭንቅላቱን ያስገባ ሰው ጆሮው ላይ የተነገረው ያህል ይሰማዋል። መሃል ያለው ምንም አይሰማም። ከወዲያ ሆኖ አለቃችንን አማልኝ፤ አለቃችን ራሱ መሃል ኮሪደሩ ላይ ስልክ ያወራል። ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት... ዲሾቹን ላስጥልህ ነበር ሽቦ፣ ተወው፣ ይሁን።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 20

ነገ ይጀመራል። ዝግጅቱ አልቋል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው።

ባሌን ልኬው እማን ለመነልኝ። ድምፁ እኛ ጋ ፎቅ ድረስ ይሰማል። "እማማ፣ ልጅዎ ምን እንደምትሠራ አንድ ቀን አይተው ያውቃሉ?" "እሱስ እውነትህን ነው" አለችው። ትመጣለች። ሳጥኑ ውስጥ ግቢ አልላትም። ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲወጣ ትየው። ከንቲባው ራሳቸው እለካለሁ ብለዋል... እሳቸው ሲለኩ ካየች ማ ይከለክላታል?

በሞቴ እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ለኔ ብለሽ አይደለም። ልጅቷ እየሸሸችሽ ነው።

አርብ፣ ሚያዝያ 21

ጉድ ፈላ። እየሳቅኩ ልጻፈው ወይስ እያለቀስኩ?

ጠዋት ከንቲባውና የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አንድ መቀስ ለሁለት ይዘው ሪባን ቆረጡ። ሪባኑ እምቢ ብሎ ሽቦ በቢላዋ ረዳቸው። ከዚያ ቀጥታ ወደኛ። ከንቲባው ሳጥኑ ውስጥ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ጋዜጠኞቹ ካሜራቸውን ደቀኑ። ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ ሰሙ። ወፍራሙን አንዱንም አልሰሙም፤ ግማሽ ስክሪን ቀይ በቀይ ሆነ። ባለቤታቸው ከኋላ ሆነው "እኔስ ማሽን አላስፈለገኝም፣ ካወቅኩት ቆየሁ" አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ፤ ደግ ሰው ናቸው።

ቀጥሎ ፕሬዚዳንቱ። ቀይ። የእሳት አደጋው አዛዥ። ቀይ። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በሙሉ። ቀይ። ሰልፉ በር አልፎ ደረጃው ላይ ወጣ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሬዲዮኑ "የከተማችን ነዋሪዎች ጆሮ አሳሳቢ ደረጃ ላይ መሆኑን ተመራማሪዎች ገለጹ" አለ። ተመራማሪዎች እንግዲህ እኔና ሽቦ ነን። አለቃችን በደስታ መቀመጫ አጣ። "ትልቅ ግኝት ነው" ይላል፣ ወዲያ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ "ትልቅ ግኝት።"

በዚህ መሃል እማ መጣች፣ ሚጢና ባሌ አጅበዋት። "ከንቲባውም ገባ?" አለችው። "ገቡ! ወፍራም ድምፅ አይሰሙም ተባለ!" ባሌ ነው፤ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየን። እማ ሰልፈኛውን አየች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ ተራ ያዘች። እኔ ዓመታት የለመንኳት ሴት... ማንም ሳይነካት ገባች።

ሁሉም ቀይ። ወፍራሙም ቀጭኑም።

"እንዴት ነኝ?"

"ብዙ አልሰማሽም እማ።"

"እንደ ከንቲባው?"

"ከሳቸው ትንሽ ይብሳል።"

"ሰውዬው በዚያ ጆሮ ከተማ ያስተዳድራል። እኔ በዚህ ጆሮ ቁልፍ እተክላለሁ። ምን ጎደለ?" ወንበሩ ላይ የተወችውን ትንሽ ቦርሳዋን አንስታ አዳራሹ ጥግ የቆሙትን ሮቦቶች ልታይ ሄደች።

ከሷ በኋላ ፒያኖ ቃኚው ገባ። ከተማው ውስጥ ያለ ፒያኖ ሁሉ በሱ ጆሮ ነው የሚያድረው። ቀይ። እዚህ ላይ ክው አልኩ። እሱ ከደነቆረማ... ራሴ ገባሁ። ሽቦ ድምፁን ለቀቀ። ምንም። ወፍራሙ የለም። ትናንት ላብራቶሪ ውስጥ የሰማሁትን ድምፅ ዛሬ አልሰማም። ማዳመጫውን አውልቄ መዳፌን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

አዳራሹን ለሁለት ከከፈለው መጋረጃ ጀርባ የኢንጂነሪንግ ሰዎች የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሳይ ትልቅ ጠረጴዛ አቁመው፣ የካርቶን ፎቆች ደርድረውበት ከጠዋት ጀምሮ ያርገበግቡታል። ጉርምርምታው በወለሉ በኩል ሳጥናችን ውስጥ ይገባል፤ ወፍራም ድምፅ ሁሉ እሱ ውስጥ ይጠፋል። እኛ ደግሞ አዳራሹን የሞከርነው እሑድ። ሰው በሌለበት። በእጅ እያወራን። ዝምታ ውስጥ ስንኖር ከተማ ድምፅ እንዳለው ረሳነው... ከኛ በቀር ይሄን ስህተት ማን ይሠራል?

አለቃችንን ስነግረው ወንበር ፈለገ።

እማን ግን እንዴት ልንገራት? ቤት ስገባ ነገርኳት። ማሽኑ ለሁሉም ሰው ተሳስቶ ነበር አልኳት። ፊቷ በራ። "እንግዲያው የኔም ተሳስቷል።"

"የአንቺ ቀጭኑም እኮ ነው እማ፣ ቀጭኑ ለማንም አልተበላሸም..."

"ተሳስቷል አልሽ፣ ተሳስቷል። በቃ።"

ቅስሜ ስብር አለ። ከዚህ በኋላ ምን ብዬ እለምናታለሁ? መለኪያዬንም አሰደብኩት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 22

ሳጥኗን ተሸክመን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ወሰድናት፤ አሮጌ ጋዜጦች የሚከማቹበት ክፍል፣ ከጋዜጣው ብዛት የተነሣ የሰው ትንፋሽ እንኳ ይዋጣል። ሽቦ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ "ትናንት የደነቆራችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ፤ ትሰማላችሁ" ብሎ በትልቁ ጽፎ ለጠፈ። ይሰድቡናል ብዬ ሳስብ ሰዉ እየሳቀ ጎረፈ። ከትናንቱ እጥፍ። ይቅርታ ብንጠይቅ "ኧረ ምንም አይደል፣ ቤት ውስጥ ስንት ነገር ተነጋገርንበት" አለችን አንዷ።

ከንቲባውም ተመልሰው መጡ። አረንጓዴ፣ ከዳር እስከ ዳር። ባለቤታቸው ስክሪኑን ረጋ ብለው አዩት። "እንግዲያው አውቆ ነው የማይሰማኝ" አሉ።

ደክሞኛል። ደስ የሚል ድካም ነው። እማ ግን አልመጣችም። "ሥራ አለብኝ" አለች አሉ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 23

ዛሬን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ባሌ ለሥራ ተጠራ፤ ሚጢ ደግሞ ዲሾቹን ካላየሁ ብላ ቤቱን አመሰችው። ሌላ ሰው ስለጠፋ እማ ይዛት መጣች። እኔ ጋ ምድር ቤት አልወረደችም፣ አውቃ። ሚጢን እየተከተለች ወደ ትልቁ ማንበቢያ አዳራሽ ወጣች፤ ሽቦ ዲሾቹን እዚያ ጫፍና ጫፍ ላይ ነው የተከላቸው።

ውሃ ልጠጣ ስወጣ ደረጃው ላይ ሆኜ አየኋቸው። እማ አንዱ ዲሽ ጋ ተቀምጣለች፣ ጭንቅላቷን አስገብታ። "እግሬን ላሳርፍ" ብላ ነው የተቀመጠችው አለኝ ሽቦ በኋላ። ሚጢ ወዲያኛው ጫፍ፣ በመሃላቸው ያ ሁሉ ሰው። ሚጢ አትናገርም። ሽቦ ጎንበስ ብሎ "አያትሽን አውሪያት እንጂ" ይላታል።

"አትሰማኝም።"

"እስቲ ሞክሪ።"

ዲሹ ውስጥ ገባች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምን እንዳለች ካለሁበት አይሰማም። እማን አየሁ። ያቺ ፈገግታ፣ "እሺ የኔ ቆንጆ" የምትለዋ፣ ፊቷ ላይ ተዘጋጅታ ነበር። ቀስ ብላ ጠፋች። እማ አፏን በእጇ ያዘች። ሚጢ ታወራለች... ታወራለች... አንዴ ከጀመረች ማን ያቆማታል? ከኋላዋ ሰልፉ ረዝሟል። ልጆች ይገፋፋሉ። ሽቦ እጁን ዘርግቶ ሁሉንም አቆመ። የኛን የዝምታ ምልክት አሳያቸው፤ ገባቸው መሰለኝ ዝም አሉ።

ከዚያ እማ ወደኔ መጣች። ቀጥ ብላ።

"ያቺ ባለ መነጽሯ ልጅ ሄደች እንዴ?"

"ሄደች እማ። ከወር በላይ ሆናት።"

"ወር ሙሉ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ሚጢ ነግራሻለች።"

"ምን አልኳት?"

መዋሸት እችል ነበር... "ሳቅሽ" አልኳት።

እናቴን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ አባቴ ሲሞት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ዛሬም አላለቀሰችም። ግድግዳውን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ "የት ነው ያ ሳጥንሽ?" አለችኝ። እኔ ነኝ እንባዬ ዱብ ዱብ ያለው፣ ደረጃውን እየወረድኩ።

ወፍራሙን ድምፅ በሙሉ ሰማች፣ እንደ ኮረዳ። ቀጭኑ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ስትወጣ ስክሪኑን አሳየኋት። ቀዩ ላይ ጣቴን አድርጌ "የሚጢ ድምፅ እዚህ ጋ ነው" አልኳት። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ልክ የተበላሸ ስፌት እንደምታየው።

"ይተረተራል?"

"አይተረተርም እማ። መሣሪያ ግን አለ፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ።"

"እንግዲያው ይደረጋ" አለች። ለዚህ ነው ያን ያህል ዓመት የለመንኳት? አይ እማ።

አውቶቡስ ውስጥ ሚጢን ጭኗ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ከልጅቷ አፍ ጋር አጋጥማ ሄደች። ስለ ባለ መነጽሯ ልጅ እንደ አዲስ ጠየቀቻት፣ ሚጢም እንደ አዲስ ነገረቻት። ፌስቲቫሉ አለቀ። ደስ ብሎኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ሽቦ ዲሾቹን እማ ክፍል ልትከል ይላል። ክፍሉ ለአንድ ዲሽ አይበቃም። እማ ግን እያሰበችበት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 11

መሣሪያው ተሰጣት። የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ከክሊኒኩ ስንወጣ መንገድ ላይ ቆማ "ይሄ ሁሉ ጫጫታ ከየት መጣ?" አለችኝ። ድሮም ነበረ እማ። "ጫማዬም ይጮሃል እንዴ?" ይጮሃል። ቤት ገብታ ወረቀት ቀደደች፣ ማንኪያ ጣለች፣ መቀሷን ከፈተች ዘጋች። ደጋግማ።

ማታ ባሌ እንደ ልማዱ "እማማ፣ እንዴት ዋሉ?" ብሎ ገባ። እማ በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛ "ምነው አንተ ልጅ፣ ምን አደረግኩህ?" አለችው። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። በአንድ ቀን ከአማችነት ወረደ። አሁን በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፣ እኔ ደግሞ አልሰማውም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 20

ዛሬ ሥራ የለም። ልብስ እያጠፍኩ ሳለሁ ሚጢ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች፣ ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ደነገጥኩ። ወደቅሽ? አልወደቅኩም። ማን መታሽ? ማንም። ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?

ቀስ በቀስ ወጣ። አያቷ ወለሉ ላይ የበተንሽውን ቁርጥራጭ ጨርቅ አንሺ ብላታለች። ልጄ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በአፍንጫዋ፣ ለራሷ ብቻ፣ "አንቺ ራስሽ አንሺው" ብላለች። እዚያ ቤት ውስጥ ያሻትን ስታጉተመትም ነው የኖረችው፤ ማንም ምንም ብሏት አያውቅም። ዛሬ እማ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ "ነይ እስቲ ወዲህ፣ ምን አልሽ አንቺ?" አለቻት። በስንት ዓመቷ የመጀመሪያዋን ቁጣ ከአያቷ ቀመሰች። ተከራከሩ። እማ አንድ ስትላት እሷ ሁለት፣ እሷ ሁለት ስትል እማ ሦስት። ጨርቁም ተነሣ።

ሳቄ መጣብኝ፣ ጉንጬን ነክሼ ያዝኩት። አቀፍኳት። እና ይሄ ያስለቅሳል?

እየተንሰቀሰቀች አንገቴ ውስጥ ተወሸቀች።

"አያቴ ሰማችኝ" አለችኝ።